ለቤት የሚሆን የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አመራረጥ፦ ከእንቁላል ብዛት ይልቅ የሙቀት ጽናት

መግቢያ

በጓሮ የዶሮ እርባታ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ድርጊቶች ጎን ለጎን ይፈጸማሉ። በአንድ በኩል የአገር ዶሮ እንቁላል መጣሏን አቁማ ልትታቀፍ ስትል፣ ከዚህ ጠባይዋ እንድትመለስ በእግሯ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ለጥቂት ቀናት ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ ወይም በአፍንጫዋ ላባ ማሳለፍ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነው። በሌላ በኩል የዚያችኑ ዶሮ ሥራ እንዲሠራ በከተማና በከተማ ዳርቻ ባሉ ቤቶች የመፈልፈያ ማሽን ይገዛል። ሁለቱም ድርጊቶች የሚመነጩት ከአንድ ስሌት ነው። 21 ቀን ታቅፋ፣ ከዚያም ጫጩቶቿን ለሁለት ወር ያህል የምታሳድግ ዶሮ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል አትጥልም። ይህን የባከነ ጊዜ ማሽን ይመልሰዋል የሚለው ተስፋ ምክንያታዊ ነው። ተስፋው እውን የሚሆነው ግን ማሽኑ ዶሮዋ ትሠራ የነበረውን በትክክል ሲተካ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ያወጣው የናሙና ጥናት እንደሚያመለክተው የአገሪቱ ዶሮዎች ቁጥር ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጋ ሲሆን፣ ከአምስቱ አራት ያህሉ የአገር ዝርያዎች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከዋና ዋና ትኩረቶቹ መካከል በማድረጉ፣ ቀድሞ ዶሮ አርብተው የማያውቁ ቤተሰቦች ወደ ሥራው ገብተዋል። የአንድ ቀን ጫጩት ፈልጎ ያጣ ወይም ዋጋው የከበደው አርቢ ዓይኑን ወደ መፈልፈያ ማሽን ማዞሩ የሚጠበቅ ነው።

በግዢ ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ «ስንት እንቁላል ይይዛል?» የሚል ነው። የዋጋ ዝርዝሩም፣ የሻጩ ማስታወቂያም፣ የገዢው ምርጫም በዚህ ቁጥር ላይ ይቆማል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው የተሳሳተ መሆኑን ይሞግታል። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ማሽን ቀዳሚው መመዘኛ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን ለምን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየት እንደሚችል ነው። የሚይዘው የእንቁላል ብዛት መወሰን ያለበት ደግሞ አርቢው በአንድ ሳምንት ሊያገኝ በሚችለው የለማ እንቁላልና ሊያሳድግ በሚችለው የጫጩት ቁጥር ነው።

ታቃፊዋ ዶሮ እንደ መለኪያ

ማንኛውም ማሽን መመዘን ያለበት ከምትተካው ዶሮ አንጻር ነው። በኢትዮጵያ በተካሄዱ የጓሮ ዶሮ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንደተዘገበው፣ የአገር ዶሮ ከታቀፈቻቸው አሥር እንቁላሎች ሰባት ወይም ስምንት ያህሉን ትፈለፍላለች። ይህንንም የምታደርገው ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ቴርሞሜትርና ያለ መመሪያ መጽሐፍ ነው። እንቁላሎቹን በደረቷ ገላ ታሞቃለች፣ በየጊዜው በምንቃሯ ታገላብጣለች፣ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ለመብልና ለውሃ ተነሥታ ለጥቂት ደቂቃዎች ታናፍሳቸዋለች። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም ሙቀት፣ መጋቢና ጠባቂ ትሆናለች።

የሰው ልጅ ይህን ሥራ በራሱ ብልሃት ለመተካት የሞከረው ከኤሌክትሪክ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። የጥንት ግብፃውያን በጭቃ ጡብ በተሠሩ ምድጃ መሰል ክፍሎች እንቁላል በብዛት ይፈለፍሉ እንደነበር በግሪክ ጸሐፍት ተመዝግቧል። በእነዚህ ቤቶች የሚሠሩ ባለሙያዎች እንቁላሉን በዓይን ቆባቸው ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ይለኩ ነበር። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኦሚር በ1749 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሠራሽ ፍልፈላ መጽሐፍ አሳትሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፔታሉማ ከተማ የተሠራው መፈልፈያ ደግሞ ሥራውን ወደ ኢንዱስትሪ አሸጋግሮታል። ከዚህ ታሪክ ለዛሬው የቤት አርቢ የሚተርፈው ቁም ነገር አንድ ነው። የግብፁ የጭቃ ምድጃ የሠራው ወፍራም ግድግዳው ሙቀትን ይዞ ስለሚቆይ ነው። እሳቱ ለጊዜው ቢቀዘቅዝ ግድግዳው ያስጠብቃል። ዛሬ ለቤት ከሚሸጡት ቀላል ማሽኖች ብዙዎቹ ያጡት ይህንኑ ባሕርይ ነው።

በቁጥር መታለል

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የእንቁላል ቁጥር አርቢውን በሦስት መንገድ ያሳስታል።

የመጀመሪያው የእንቁላሉ ምንጭ ነው። ለፍልፈላ የሚቀመጥ እንቁላል ከተጣለ ከሰባት ቀን ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። እስኪቀመጥ ድረስም ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ መቆየት አለበት። ስለዚህ 96 እንቁላል የሚይዝ ማሽን ለመሙላት በሰባት ቀን ውስጥ 96 ትኩስ እንቁላል ያስፈልጋል። ከአሥር የተሻሻሉ ዶሮዎች በቀን ስድስት ወይም ሰባት እንቁላል ቢገኝ፣ በሳምንት የሚሰበሰበው 45 ገደማ ነው። ማሽኑን ለመሙላት ከ20 በላይ ዶሮዎችና ቢያንስ ሁለት አውራዎች ሊኖሩ ይገባል። አምስት የአገር ዶሮ ላለው ቤት ማሽኑ ሁልጊዜ ከግማሽ በታች ሆኖ ይሠራል፤ ወይም አርቢው ጉድለቱን ለመሙላት ወደ ገበያ ይወጣል።

ከገበያ የሚገዛው እንቁላል ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በየሱቁ «የፈረንጅ እንቁላል» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው አውራ ዶሮ ከሌለባቸው የእንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታዎች የሚመጣ ነው። አውራ ያላጠቃት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ደግሞ በየትኛውም ማሽን ጫጩት አይሆንም። «የሐበሻ እንቁላል» የሚባለው የለማ የመሆን ዕድሉ የተሻለ ቢሆንም፣ ከስንት ቤት እንደተሰበሰበ፣ ስንት ቀን እንደቆየና በመንገድ ምን ያህል እንደተንገላታ አይታወቅም። እንደ ቦቫንስ ብራውን ካሉ የንግድ ዲቃላዎች አውራ ጋር ተጣምሮ የተገኘ እንቁላል ቢፈለፈልም፣ ልጆቹ የእናታቸውን የእንቁላል ምርት ሙሉ በሙሉ ይወርሳሉ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መታለያ የመቶኛ ስሌት ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የመፈልፈል መጠን ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከለሙት እንቁላሎች ብቻ ነው። 50 እንቁላል ተቀምጦ 40ው የለሙ ቢሆኑና ከእነዚህ 28ቱ ቢፈለፈሉ፣ በአንደኛው ስሌት ውጤቱ 70 በመቶ፣ በሌላኛው 56 በመቶ ነው። ለተመራማሪ የመጀመሪያው የማሽኑን ብቃት ስለሚለይ ይጠቅማል። ለአርቢዋ ግን ሊሸጥ ወይም ሊበላ ይችል የነበረው 50ው እንቁላል በሙሉ ወጪ ነው። የእንቁላል ሽያጭ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች በቀጥታ በሴቶች እጅ የሚገባ፣ ለጨውና ለበርበሬ፣ ለደብተርና ለእርሳስ የሚውል ገንዘብ በመሆኑ፣ አንድ የከሸፈ ዙር የሚነካው ይህንኑ ጓዳ ነው።

ሦስተኛው የእንቁላሉ መጠን ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች የተሠሩት 60 ግራም ለሚሆን ትልቅ እንቁላል ነው። የአገር ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ በመሆኑ በእንቁላል መያዣው ውስጥ ይላላል፤ መያዣው ሲያጋድል እንቁላሉ በቦታው አይጸናም ወይም በአግባቡ አይገላበጥም። አርቢው ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት ከቤቱ ጥቂት እንቁላል ይዞ ሄዶ መያዣው ላይ ቢሞክር ብዙ ችግር ይቃለላል።

መብራት ሲጠፋ

21 ቀን 504 ሰዓት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል በማሽን ሲተረጎም፣ ለ504 ሰዓት ያህል 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የጸና ሙቀት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መብራት ጨርሶ አይጠፋም ብሎ ማቀድ በአገራችን ሁኔታ አያስኬድም። እንግዲህ ማሽኑ የሚፈተነው መብራት ባለበት ሰዓት ሳይሆን በሌለበት ሰዓት ነው።

ግርድፍ ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የማሽኑ ውስጥ 37.5 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 17.5 ዲግሪ ነው። ማሽኑ ይህን ልዩነት ጠብቆ ለመቆየት በአማካይ 40 ዋት የሚፈጅ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 2.3 ዋት ያህል ሙቀት በግድግዳውና በአየር ቀዳዳው ያፈስሳል ማለት ነው። በውስጡ እያንዳንዳቸው 45 ግራም የሆኑ 50 እንቁላሎች ቢኖሩ፣ አጠቃላይ ክብደታቸው 2.25 ኪሎ ግራም፣ ሙቀት የመያዝ አቅማቸውም በአንድ ዲግሪ 7.4 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ መብራት ቢጠፋ፣ ሙቀቱ ከ37.5 ወደ 30 ዲግሪ የሚወርደው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያው ማሽን ውስጥ አብሮ የሞቀ ሁለት ሊትር ውሃ በተዘጉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ቢቀመጥ፣ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ከፍ ይላል። ከውሃው በተጨማሪ ግድግዳው በቂ ሙቀት ከላካይ ልባስ ኖሮት አማካይ ፍጆታው ወደ 20 ዋት ቢወርድ፣ ጊዜው ሁለት ሰዓት ይደርሳል። የእንቁላሉ ብዛት በሦስቱም ሁኔታዎች አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጡት ግድግዳውና ውሃው ናቸው።

ልባሱ የሚጠቅመው ለመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም። በ504 ሰዓት ውስጥ 40 ዋት የሚፈጀው ማሽን 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈልግ፣ ሁለተኛው በግማሹ ይሠራል። መጠባበቂያ ባትሪ ቢታሰብም ውጤቱ ያው ነው። ባለ 12 ቮልትና 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ኃይል ብቻ እንዲሰጥ ቢደረግ፣ የመጀመሪያውን ማሽን ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁለተኛውን አሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ በኢንቨርተር የሚባክነው ሲቀነስ ሁለቱም ጥቂት ያጥራሉ። ስለዚህ በቀጥታ በ12 ቮልት መሥራት የሚችል ማሽን ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይመረጣል። እዚህ ላይ በማሽኑ ጀርባ የተጻፈው ዋት ከፍተኛው ፍጆታ እንጂ አማካዩ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አማካዩ የሚታወቀው ማሽኑን አንድ ሙሉ ቀን አስነሥቶ ፍጆታውን በመለካት ነው።

የሙቀት መውረድ ጉዳቱ እንደ ሽሉ ዕድሜ ይለያያል። ዶሮዋም ለመብል ስትነሣ እንቁላሎቹ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቀዘቅዙ፣ አጭር ቅዝቃዜ ብቻውን ሽልን አይገድልም። ተደጋጋሚና ረጅም ሲሆን ግን ፍልፈላውን ያዘገያል፣ ጫጩቱንም ያደክማል። በመጨረሻው ሳምንት ሽሎቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ። በዚህ ጊዜ ማናፈሻው ሲቆም ዋናው ሥጋት የአየር እጥረት ይሆናል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማሽኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ይጠቅማል፤ በመጨረሻው ሳምንት ግን የአየር ቀዳዳውን መድፈን ሊያፍናቸው ይችላል። ከቅዝቃዜ ይልቅ የሚፈራው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። መብራት ሲመለስ ወይም ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የተበላሸ ቴርሞስታት ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ካደረሰው፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዙሩ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ከዋናው መቆጣጠሪያ ተለይቶ በራሱ የሚያቋርጥ ሁለተኛ ቴርሞስታት ያለው ማሽን ይህን አደጋ ይቀንሳል።

በዚህ መመዘኛ ከታየ፣ ከውጭ የሚገባው የሚያብረቀርቅ ስስ ፕላስቲክ ማሽን በአገር ውስጥ ከሚሠራው ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከአገልግሎት የወጣ የፍሪጅ አካል በግድግዳው ውስጥ ሙቀት ከላካይ ልባስ ያለው በመሆኑ፣ በጥንቃቄ ቴርሞስታት፣ ማናፈሻና የአየር ቀዳዳ ከተበጀለት ጥሩ መፈልፈያ ይሆናል። በኮምፔንሳቶ የሚሠራ ሣጥንም ድርብ ግድግዳ ኖሮት መሐሉ በፎም ከተሞላ ከስሱ ፕላስቲክ ይሻላል። የአገር ውስጥ ሠሪው የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የልኬት ጥንቃቄ ነው፤ ይህም ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው።

የሙቀትና የእርጥበት ልኬት

ማናፈሻ ላለው ማሽን ተስማሚው ሙቀት ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። ማናፈሻ በሌለው ማሽን ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በእንቁላሎቹ አናት ላይ ሲለካ ከ38.3 እስከ 38.9 ዲግሪ መሆን አለበት። ከእነዚህ ልኮች አንድ ዲግሪ ዝቅ ብሎ የሚዘልቅ ሙቀት ጫጩቶቹን አዘግይቶ ደካማ ሲያደርግ፣ አንድ ዲግሪ ከፍ ማለቱ ያለ ጊዜያቸው ያስወጣቸዋል፣ የሚሞቱትንም ያበዛል። ርካሽ ማሽኖች ላይ የሚታየው ቁጥር በዚሁ መጠን ሊሳሳት ስለሚችል፣ ማሽኑን በራሱ ቁጥር ብቻ ማመን አይገባም። መፍትሔው ከብዙ ቤት አይርቅም። የሰው ትኩሳት መለኪያ የሚሠራው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ባለው ክልል በመሆኑ፣ ለፍልፈላ የሚፈለገውን ሙቀት በደንብ ይሸፍናል። ይህንን መለኪያ በእንቁላሎቹ ቁመት ልክ አስቀምጦ ከማሽኑ ንባብ ጋር ማነጻጸር፣ ዙሩ ከመጀመሩ በፊት መደረግ ያለበት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

እርጥበትን በተመለከተ መመሪያዎች እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያዝዛሉ። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተወሰዱት ከዝቅተኛ ሥፍራዎች ልምድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የውሃ ተን በእንቁላሉ ቅርፊት ቀዳዳዎች በፍጥነት ይወጣል፣ የሚገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። በደጋው የበጋ ደረቅ አየር ይህ ይብሳል። ስለዚህ አርቢው ከመመሪያው ቁጥር ይልቅ ራሱን እንቁላሉን መጠየቅ ይሻለዋል። ጥሩ ፍልፈላ ሲካሄድ እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን ከመነሻ ክብደቱ 12 በመቶ ያህሉን ያጣል። 50 ግራም የነበረው 44 ግራም ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚህ በፍጥነት ከቀለለ ውሃ ይጨመራል፣ በዝግታ ከቀለለ ይቀነሳል። አንዲት አነስተኛ የማድ ቤት ሚዛን በዚህ ረገድ ከውድ የእርጥበት መለኪያ ትበልጣለች።

ቀሪዎቹን መመዘኛዎች በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መገላበጥ ስላለበት፣ ቀን ከቤት ለሚወጣ አርቢ በራሱ የሚያገላብጥ ማሽን አስፈላጊ ነው። ቤት ለሚውል ግን በእጅ ማገላበጥ በቂ ነው፤ በእርሳስ በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ ምልክት ማድረግ ስሕተትን ይከላከላል። ውስጡ በቀላሉ ወጥቶ የሚታጠብ ማሽን ይመረጣል፤ ከየዙሩ በኋላ የሚቀረው ላባ፣ ቅርፊትና የገማ እንቁላል ለቀጣዩ ዙር ጫጩቶች የበሽታ ምንጭ ስለሚሆን፣ ማሽኑ ታጥቦ በቀጠነ በረኪና መጽዳት አለበት።

ከፍልፈላ በኋላ

የማሽን ምርጫ የሚያበቃው በ21ኛው ቀን አይደለም። በጓሮ እርባታ የጫጩት ሞት ትልቁ ማነቆ ሲሆን፣ ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደሚጠፉ የአገር ውስጥ ጥናቶች በተደጋጋሚ አመልክተዋል። ፈንግል፣ ጭልፊት፣ ድመት፣ ብርድና የመኖ እጥረት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ማሽን ከዚህ ሰንሰለት የሚነካው የመጀመሪያውን ቀለበት ብቻ ነው። እንዲያውም እናቲቱን ከሥራው ስለሚያስወጣት፣ ቀጣዩን ቀለበት ሊያላላው ይችላል። በማሽን የተፈለፈለ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይላመዳል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሽል ከሚጎዳው ይልቅ ሣጥን ውስጥ ያለው የሦስት ቀን ጫጩት ይበልጥ ይጎዳል።

ቀደም ሲል በምሳሌነት የተነሡት 28 ጫጩቶች ሁሉም ቢያድጉ እስከ ስምንተኛው ሳምንት እያንዳንዳቸው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም መኖ ይፈልጋሉ። ይህም በድምሩ ግማሽ ኩንታል ያህል ነው። ከእነዚህም ግማሽ የሚሆኑት አውራዎች ናቸው። የፈንግል ክትባትም ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ስለሚዘጋጅ፣ ለጥቂት ጫጩቶች ሲባል አንድ ብልቃጥ መክፈት ብክነት አለው፤ ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ፈልፍለው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ይቃለላል። እነዚህን ወጪዎች ሳያሰላ 96 ወይም 200 እንቁላል የሚይዝ ማሽን የገዛ ቤተሰብ የገዛው ሞትን የማብዣ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ነጥብ ላይ በመግቢያው የተጠቀሰችው ልትታቀፍ የፈለገች ዶሮ ዳግመኛ ትመጣለች። አርቢው እንቁላሎቹን ማሽኑ ውስጥ በሚያስገባበት ቀን አንዲትን ታቃፊ ዶሮ በጥቂት እንቁላል ላይ ቢያስታቅፍ፣ የማሽኑም የዶሮዋም ጫጩቶች በአንድ ቀን ይወጣሉ። የማሽኑ ጫጩቶች ሌሊት በክንፏ ሥር ቢጨመሩላት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልጆቿ ትቀበላቸዋለች፤ 15 ወይም 20 ጫጩትም ማሳደግ ትችላለች። በዚህ አሠራር ከመታቀፍ የታገዱት ሌሎቹ ዶሮዎች እንቁላል መጣላቸውን ይቀጥላሉ፤ አንዷ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙቀት የማያስፈልጋት፣ ጭልፊትን የምታስጠነቅቅ አሳዳጊ ትሆናለች። ታቃፊ ዶሮ ለማያገኝ አርቢ፣ በግብርና ኤክስቴንሽን ሲተዋወቅ የቆየውና የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ጠብቆ የሚያቆየው የጭድ ሣጥን ሁለተኛ አማራጭ ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ትልቅ ማሽን የሚመርጡ ወገኖች የአንድ እንቁላል ድርሻ ዋጋው እንደሚቀንስና፣ ትርፍ ጫጩት ሸጦ ወጪን መመለስ እንደሚቻል ይናገራሉ። ክርክሩ በከፊል ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጫጩት ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ከቤት አርቢነት ወደ ጫጩት አምራችነት ተሸጋግሯል። ጄኔሬተር፣ የራሱ የወላጅ ዶሮ መንጋ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ክትባትና ለገዢው የሚሰጥ ዋስትና ያስፈልጉታል። እነዚህን ያሟላ ሰው ትልቅ ማሽን ቢገዛ ይገባዋል። ያላሟላው ግን የሚያተርፈው በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ የሚከስረውም በማሽኑ ትልቅነት ልክ ነው። በሌላ በኩል ሁለት መካከለኛ ማሽኖች በአንድ ትልቅ ፋንታ ቢያዙ፣ የአንዱ ብልሽት ሌላውን አያጠፋም።

ማጠቃለያ

ለኢትዮጵያ ቤት የሚመረጠው መፈልፈያ ከ30 እስከ 50 እንቁላል የሚይዝ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ የውሃ ጠርሙስ ማስቀመጫ ቦታ ያለው፣ በ12 ቮልትም የሚሠራ፣ ሁለተኛ ማቋረጫ የተገጠመለትና የአገር ዶሮን እንቁላል በአግባቡ የሚይዝ ነው። ከዚህ የሚያንስ ዋጋ ያለው ትልቅ ማሽን ቢገኝ እንኳ ቅናሹ በመጀመሪያው ዙር ሊጠፋ ይችላል።

ለምርምር ማኅበረሰቡም የሚተርፍ ሥራ አለ። መብራት በማይቋረጥበት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተገኘ የመፈልፈል መቶኛ ለቤት አርቢ የሚናገረው ጥቂት ነው። በአገር ውስጥ የሚሠሩና ከውጭ የሚገቡ ማሽኖች የሚወዳደሩበት ቀላል ፈተና ማበጀት ግን ከአንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት አቅም በላይ አይደለም። ማሽኑ በእንቁላል ክብደት ልክ ውሃ በያዙ ትናንሽ ብልቃጦች ተሞልቶ 37.5 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ ከዚያ ኃይሉ ተቋርጦ ወደ 35፣ ቀጥሎም ወደ 30 ዲግሪ ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ ይመዘገባል። ለዚህ ፈተና አንድም እንቁላል አይባክንም፣ ከአንድ ቀን በላይም አይወስድም። ውጤቱ በደቂቃ ተለክቶ በማሽኑ ላይ ቢለጠፍ፣ ገዢዋ ከእንቁላሉ ቁጥር ጎን የምታነብበው ሁለተኛ ቁጥር ታገኛለች። እስከዚያው ድረስ ሻጩን መጠየቅ ያለባት «መብራት ከጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላ ነው፤ መልስ ለሌለው ሻጭም የእንቁላል ገንዘቧን ባትሰጥ ትክክል ነች።